የሊኑክስ ሰርቨር የርቀት መግቢያ፦ የፖርት አመዳደብና የፋይል ፈቃድ

ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች የሊኑክስ ሰርቨሮችን ከርቀት ለማስተዳደር የሚያገለግል የኔትወርክ ፕሮግራም ነው። ዴሞን ተብሎ የሚጠራው ክፍሉ ከበስተጀርባ ያለማቋረጥ እየሠራ የመግቢያ ጥያቄዎችን ይቀበላል። ሲዘጋጅ የሚቀበልበት ፖርትና የፋይሎቹ ፈቃድ በጥንቃቄ ሊወሰኑ ይገባል።

የፖርት አመዳደብ

የፖርት ቁጥሮች ከ0 እስከ 65535 ይደርሳሉ። በሊኑክስ መደበኛ አሠራር ከ1024 በታች ያሉትን የሚከፍተው ሩት የተባለው የበላይ አስተዳዳሪ ወይም ልዩ መብት የተሰጠው ፕሮግራም ብቻ ነው። ቁጥር 22 ለዚህ አገልግሎት የተመደበው ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን የመጀመሪያውን ኤስ ኤስ ኤች በሠሩበት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች እ.ኤ.አ. በ1999 ለአገልግሎት በቅቷል።

ቁጥሩን መለወጥ በጅምላ የሚሰነዘሩ የመግቢያ ሙከራዎችን ቢቀንስም፣ ፖርቶችን አንድ በአንድ ከሚፈትሽ አጥቂ አይሰውርም። ለውጥ ሲደረግ አዲሱ ፖርት አስቀድሞ በፋየርዎል መፈቀድ አለበት። መግባት መቻሉ በሁለተኛ ግንኙነት ሳይረጋገጥ የመጀመሪያውን መዝጋት፣ ሰርቨሩ እስካለበት ቦታ መጓዝን ሊያስከትል ይችላል።

የፋይል ፈቃድ

ፈቃድ ለባለቤት፣ ለቡድንና ለሌሎች ተጠቃሚዎች በሦስት አኃዞች ይገለጻል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ሲሆኑ ድምራቸው የእያንዳንዱን ወገን መብት ያሳያል። የሰርቨሩ የምስጢር ቁልፍ በአብዛኛው 600 ይሰጠዋል፤ ይህም የሚያነበውና የሚጽፍበት ባለቤቱ ብቻ ነው ማለት ነው። እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ቁልፎች ዝርዝርም 600፣ የሚቀመጥበት ፎልደር ደግሞ 700 ይሆናል።

ችግር ሲያጋጥም ለሁሉም ሙሉ መብት የሚሰጠውን 777 እንደ አቋራጭ መጠቀም እዚህ ላይ ተቃራኒ ውጤት አለው። ፕሮግራሙ ለሌሎች የተጋለጠ የምስጢር ቁልፍን አይቀበልም፤ ሌላ ቁልፍ ከሌለውም ሥራ አይጀምርም። የተጠቃሚው ፎልደር ሌሎች እንዲጽፉበት ከተፈቀደ ደግሞ በቁልፍ መግባት በመደበኛው አሠራር ይከለከላል። ምክንያቱም ሌላ ሰው የራሱን ቁልፍ ጨምሮ በባለቤቱ ስም ሊገባ ስለሚችል ነው።

ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ የይለፍ ቃሉን መለወጥ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቁልፉ ከዝርዝሩ እስካልተሰረዘ ድረስ መግቢያው ክፍት ሆኖ ይቆያል። ስለሆነም የቁልፎች ዝርዝር ምርመራ የርክክብ ሥነ ሥርዓት አካል ሊሆን ይገባል።