«መዝገብ የለም» ከተባለ በኋላ፦ የካውንቲ ሸሪፍ ሰነዶችና የታሪክ ተመራማሪ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር ግልባጭ)



ንግግሬን በአንድ ደብዳቤ ታሪክ እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል በሚገኝ አንድ ካውንቲ እስር ቤት ውስጥ በ1940ዎቹ ስለ ሞተ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት አጠና ነበር። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የካውንቲውን ስም አልጠቅስም፤ የሟቹንም ስም በቤተሰቡ ፈቃድ አልጠራም። በጊዜው የታተመው የአካባቢው ጋዜጣ ወጣቱ በተያዘበት ሌሊት በድንገት መሞቱን በጥቂት መስመሮች ዘግቦ አልፏል። ዛሬ በእርጅና ላይ የሚገኙት ታናሽ እኅቱ ግን እናታቸው ለቀናት ስንቅ ቋጥረው ወደ እስር ቤቱ ይመላለሱ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። እንግዲህ ከጋዜጣውና ከእኅቲቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ለሸሪፉ ጽሕፈት ቤት ጻፍሁ። የመጣልኝ መልስ ሁለት መስመር ነበር፤ ከጥያቄዬ ጋር የሚዛመድ መዝገብ የለም የሚል።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ያ መልስ እውነት ሆኖ ሳለ እንዴት ሊያሳስተኝ ይችል እንደ ነበረ ነው። የአካባቢ ፖሊስ ሰነድ የሚገኘው ሥልጣንና ገንዘብ በተጓዙበት መንገድ ላይ ነው። ያንን መንገድ ሳያውቅ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የሚከፋው ደግሞ የተፈጸመውን ነገር እንዳልተፈጸመ ቈጥሮ ይጽፋል።

በመጀመሪያ ሸሪፍ ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ካውንቲ ማለት ከክፍለ ግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክልል ሲሆን በአሜሪካ ከ3000 በላይ ካውንቲዎች አሉ። ሹመቱ ከእንግሊዝ የተወረሰ ነው። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ሸሪፍ በሕዝብ ይመረጣል፤ ከከተሞች ክልል ውጭ ፖሊስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እስር ቤቱን ያስተዳድራል፤ የፍርድ ቤት መጥሪያና የመያዣ ትእዛዝም ያደርሳል። የበላይ አዛዥ የሌለው ተመራጭ በመሆኑ ጽሕፈት ቤቱን እንደ ግል ርስቱ የቈጠረ ሸሪፍ ብዙ ነበር። በምርጫ ሲሸነፍ ወይም ጡረታ ሲወጣ መዝገቡን ወደ ቤቱ ይዞ የሄደም አለ። በደቡቡ ደግሞ የምርጫ መብትን የሚያስከብረው የ1965 ሕግ እስኪወጣ ድረስ ጥቁር ዜጎች በብዙ ካውንቲዎች ድምፅ ከመስጠት ታግደው ስለ ነበር፣ ሸሪፉ ለሚያስራቸው ሰዎች ተጠያቂ የሚሆንበት መንገድ አልነበረውም። ይህ ሁኔታ ምን እንደሚጻፍና ምን እንደሚቀመጥም ወስኗል።

ሁለተኛው ነገር ሕጉ ነው። ተማሪዎቼ ዘወትር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ1966 የተፈረመው ታዋቂው የመረጃ ነፃነት ሕግ የሚመለከተው የፌዴራል መንግሥቱን አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው። ይህንን ሕግ ጠቅሶ ለሸሪፍ መጻፍ የአንዱን ቤት ቍልፍ ይዞ የሌላውን በር እንደ መክፈት ነው። ሸሪፉን የሚያስገድደው የክፍለ ግዛቱ የራሱ የሕዝብ መዛግብት ሕግ ነው። የካሊፎርኒያው በ1968፣ የቴክሳሱ በ1973፣ የሚሲሲፒው በ1983 ወጥተዋል፤ ይዘታቸውም ይለያያል።

እኛ አገር መዝገብ ቤት የምንገባው ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዘን ነው። በአሜሪካ በአመዛኙ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ጠያቂውም ለምን እንደሚፈልገው እንዲያስረዳ አይገደድም። ይሁን እንጂ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ማለት አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በቨርጂኒያ ጉዳይ ላይ በሙሉ ድምፅ እንደ ወሰነው፣ አንድ ክፍለ ግዛት መዛግብቱን የማየት መብት ለራሱ ዜጎች ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ ሆኖ የሚጠይቅ ተመራማሪ አስቀድሞ ሕጉን ማንበብ፣ ካስፈለገም በስፍራው የሚኖር የሙያ ባልደረባ ማፈላለግ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ነገር የጥያቄው አጻጻፍ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ስሕተት ዛሬ ግልጽ ሆኖ ይታየኛል። «ስለዚህ ሰው ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» ብዬ ነበር የጻፍሁት። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ስሙን በኮምፒዩተሩ ፈለገች፤ አላገኘችም፤ አለማግኘቷንም ጻፈችልኝ። አልዋሸችም። የ1940ዎቹ መዝገብ በኮምፒዩተር ውስጥ እንደማይኖር ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። በሁለተኛው ደብዳቤ ሰውየውን ትቼ የሰነዱን ዓይነት ጠየቅሁ፤ የእስረኞች መግቢያና መውጫ መዝገብ፣ የእነዚህ ሁለት ወራት። መዝገቡ ከሌለም ለሌላ መሥሪያ ቤት የተላለፈበትን ወይም የተወገደበትን ማስረጃ፣ በሥራ ላይ ያለውንም የመዛግብት ማቆያ ጊዜ ሠንጠረዥ እንዲሰጡኝ ለመንሁ። የሚከለከል ነገር ካለ የሚከለክለው አንቀጽ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ክፍያ ካለም ግምቱ አስቀድሞ እንዲነገረኝ አከልሁበት። በዚህ ጊዜ የመጣው መልስ ቁም ነገር ነበረው። የዚያ ዘመን መዝገብ ከቀድሞ ሸሪፍ ጋር እንደ ሄደ ይታመናል፤ የካውንቲው ቦርድ ቃለ ጉባኤዎች ግን በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ምድር ቤት ይገኛሉ ይላል።

የቦርድ ቃለ ጉባኤ ለእስረኛ ታሪክ ምን ይጠቅማል? መልሱ ያለው በሸሪፉ ገቢ ውስጥ ነው። በደቡቡ ብዙ ሸሪፎች ለረጅም ዘመን ይተዳደሩ የነበሩት በደመወዝ ሳይሆን በአገልግሎት ክፍያ ነበር፤ ለያዙት ሰው፣ ላደረሱት መጥሪያ፣ ለቀለቡት እስረኛ በቁጥር ይከፈላቸዋል። አላባማ ውስጥ ከእስረኛ ቀለብ የተረፈውን ገንዘብ ሸሪፉ ለራሱ እንዲወስድ የሚፈቅደው አሠራር የተለወጠው በ2019 ነው። ክፍያ ባለበት ሁሉ ደግሞ ሒሳብ አለ። ዳግላስ ብላክመን በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ የተረከው የግሪን ኮተናም ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ወጣት በ1908 በአላባማ ሼልቢ ካውንቲ በቦዘኔነት ተከስሶ 30 ቀን ከባድ ሥራ ተፈረደበት። ለሸሪፉ፣ ለረዳቱና ለጸሐፊው የሚገባውን ክፍያ መክፈል ስላልቻለ ቅጣቱ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተራዘመ፤ በወር 12 ዶላር ለድንጋይ ከሰል ማዕድን ተከራየ፤ በዚያው ዓመት ሞተ። ታሪኩን ዛሬ የምናውቀው ስለ እርሱ ያዘነ ባለሥልጣን ስለ ጻፈ አይደለም። የእስረኛው መዝገብ የተያዘው ገንዘብ የሚያስገኝ በመሆኑ ነው።

እኔም የፈለግሁትን ያገኘሁት ከሒሳቡ ነው። ሸሪፉ በወሩ መጨረሻ ለቦርዱ ባቀረበው የቀለብ ሒሳብ ላይ የወጣቱ ስም ተጽፎ፣ በትይዩው 9 ቀን ተሞልቷል። ወዲያው ግን መጠንቀቅ ነበረብኝ። በቀን ቁጥር የሚከፈለው ሰው ቀኑን ማብዛት ይጠቅመዋል፤ ስለዚህ የቀለብ ሒሳብ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ገጾቹን ስገልጥ የካውንቲው ሐኪም ያቀረበው ሌላ ሒሳብ አገኘሁ፤ ያንኑ እስረኛ በእስር ቤት ለማየት ስለ ሄደበት ክፍያ የጠየቀበት ነው። ቀኑ ወጣቱ ከተያዘ በኋላ ስድስተኛው ነው። እንግዲህ ለየራሳቸው ጥቅም የተጻፉ ሁለት ሒሳቦችና የአንዲት ሴት ትዝታ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ወጣቱ በተያዘበት ሌሊት አልሞተም። በምን እንደ ሞተ ግን ሒሳቦቹ አይናገሩም፤ እኔም አልናገርም።

ሰነድ በመሥሪያ ቤቶች መካከል እንዴት እንደሚበተን የሚያሳየው ይበልጥ የታወቀው ምሳሌ የኤመት ቲል ጉዳይ ነው። የ14 ዓመቱ ልጅ በነሐሴ 1955 የተጠለፈው በሚሲሲፒ ሌፍሎር ካውንቲ ነው፤ ሬሳው የተገኘው በታላሃቺ ካውንቲ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በሁለት ሸሪፎች እጅ ወደቀ፤ ወረቀቱም ለሁለት ተከፈለ። የግድያው ችሎት በታላሃቺ ሲካሄድ፣ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ ሁለቱን ተከሳሾች ከ67 ደቂቃ ምክክር በኋላ ነፃ ለቀቀ። የችሎቱ ቃል በቃል ግልባጭ ለአሥርት ዓመታት ጠፍቶ ኖሮ፣ የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ ጉዳዩን በ2004 እንደገና ከከፈተ በኋላ አንድ ቅጂ ተገኘ። ከዚያም በሰኔ 2022 የሟቹ ቤተሰብ አባላት ያሉበት የፈላጊዎች ቡድን በሌፍሎር ካውንቲ ፍርድ ቤት ምድር ቤት፣ በሣጥን ውስጥ በተቀመጠ አቃፊ አንድ ወረቀት አገኘ። ነሐሴ 29 ቀን 1955 የተጻፈ፣ ከተከሳሾቹ የአንዱን ሚስት በጠለፋ ለመያዝ የወጣ ትእዛዝ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን አልተያዘችም። በዚያው ዓመት የካውንቲው ግራንድ ጁሪ ክስ ለመመሥረት አልተስማማም፤ ሴትዮዋም በ2023 አረፈች። ወረቀቱ ፍርድ አላስገኘም። ያም ሆኖ ሕጉ በ1955 ምን አዝዞ ሸሪፉ ምን ሳይፈጽም እንደ ቀረ አረጋግጧል።

ለተማሪዎች ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የመጀመሪያው፣ የፖሊስ መዝገብ የያዥውን ቃል እንጂ የተያዘውን ሰው ጥፋት አይመሰክርም። «ሰካራም»፣ «ቦዘኔ»፣ «ሁከተኛ» የሚሉትን ቃላት ከመዝገቡ ወደ ጥናታችን እንዳሉ ብንገለብጥ፣ ከአሳሪው ጋር በአንድ ብዕር ጻፍን ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የተገኘ ሁሉ አይታተምም። በሕይወት ያሉ ሰዎች፣ በልጅነታቸው የታሰሩ፣ ምስክር ሆነው የቀረቡ አሉ። ሕጉ ቢፈቅድም እንኳ ስማቸውን ከማውጣታችን በፊት ለምን እንደምናወጣው ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

የሁለቱን ሒሳቦች ቅጂ ይዤ ወደ እኅቲቱ ቤት ሄጄ ነበር። ቁጥሩን እያሳየሁ አነበብሁላቸው። ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ እናታቸው የወሰዱት ምግብ ለልጃቸው ደርሶ እንደ ነበር። በሒሳቡ ላይ ያለው ሸሪፉ አቀረብሁ ያለው ቀለብ ብቻ ስለ ሆነ፣ ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ይህንኑ ነገርኋቸው። እናታቸው በከንቱ አለመመላለሳቸውን፣ ልጁም በሕይወት ሳለ ደጁ ድረስ ይሄዱ እንደ ነበር ግን በእርግጠኛነት ልነግራቸው ቻልሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ መልስ እንደ መጨረሻ ቃል ተቀብዬው ቢሆን ኖሮ፣ በጥናቴ ውስጥ የሚገኘው የጋዜጣው ቃል ይሆን ነበር።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።