የገባ እንደተጻፈ የወጣም ይጻፍ፤ ስለ ነዋሪ መዝገብና ስለ መሸኛ አጭር ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ስለ ቀበሌ መዝገብ ነው። ከመካከላችን ልጁ ወይም እህቱ ውጭ አገር ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ዓረብ አገር፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ አንዱ አሜሪካ ነው። የሄደው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በቀበሌው መዝገብ ላይ ዛሬም እቤቱ እንዳለ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚያስከትል፣ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ያየሁትን ጨምሬ ባጭሩ እገልጻለሁ።

የእኛ የጎጃም ሰው መመዝገብን ሲፈራ የኖረ ነው፤ መፍራቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ጸሐፊ ወረቀት ይዞ ከመጣ በስተኋላው ግብር ይከተላል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ መሬቱ ሊለካ ርስቱ ሊነካ መስሎት የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ገማቾችን አላስገባም ብሎ እስከ መሸፈት መድረሱን ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ።

ስለ መዝገብ ሕግ ግን ከዚያም በፊት ወጥቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ ደንግጓል። ነገር ግን እዚያው ሕግ ውስጥ በቁጥር 3361፣ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ይህ ክፍል ሥራ ላይ እንዳይውል ተጻፈ። ትእዛዙ ሳይወጣ ዘመን አለፈ። በገጠር አብዛኛው ሰው መወለዱንም መሞቱንም የሚያውቅለት ጎረቤቱ፣ ደብሩ ወይም መስጊዱ ነበር።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የካቲት 25 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ገበሬው በገበሬ ማኅበር፣ ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማው ሰው በነዋሪዎች ማኅበር ተደራጀ። ቀበሌ የምንለው ይኸው ነው። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት የሚያከራይ ቀበሌ፣ መታወቂያ የሚሰጥ ቀበሌ፣ ስኳርና ሳሙና የሚታደልበት ሱቅ የቀበሌ ሆነ። እንግዲህ ያልተመዘገበ ሰው እንደሌለ ተቆጠረ። ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ለመዛወርም መሸኛ ግድ ሆነ። መሸኛ የሌለውን አዲሱ ቀበሌ አይመዘግበውም ነበር።

አገር ለቆ መሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ከፓስፖርት በላይ የመውጫ ቪዛ ይጠየቅ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ሲወጣ ወጣቱ ከመዝገብ እየተፈለገ ይጠራ ጀመር። ታዲያ በሌሊት ተነሥቶ በመተማ በኩል ሱዳን የሚገባ ልጅ እንዴት አድርጎ መሸኛ ይጠይቃል? ቤተሰቡም ቢጠየቅ አናውቅም ከማለት በቀር ምን ይበል? መዝገቡም ልጁን እንደያዘው ቀረ። ሳይናገሩ የመሄዱ ልማድ ከዚያ ወዲህ የተተከለብን ይመስለኛል።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይናገራል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ደግሞ ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ሥራው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ልብ በሉ፤ በእነዚህ ውስጥ አገር ለቆ መሄድ የለበትም። በጀርመን አገር ነዋሪ ለቆ ሲወጣ ለማዘጋጃ ቤት አስታውቆ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ማስረጃም ይሰጠዋል። በእኛ ዘንድ ያለው ያው የጥንቱ መሸኛ ነው። ራሱ ሄዶ ያልጠየቀ ሰው አይጻፍለትም።

ይህ ቸልታ የሚያስከፍለው ኋላ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንዲት እናት ውጭ ስለሚኖር ልጃቸው ማስረጃ ሊጠይቁ ሦስት ቀን ተመላለሱ። መልሱ ሁልጊዜ «ባለቤቱ ይምጣ» ነበር። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነው፣ ውክልናም አልሰጠም። ልጁ በመዝገቡ አሁንም የቤቱ ነዋሪ ነው። እናቲቱ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አይቻለሁ።

የማስረጃው ነገር ሕግ ያለው ነው። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣም የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አልተሻረም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከለም ምክንያቱን ይገልጻል፤ ቅር የተሰኘ ሰው በይግባኝ እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። የማይሰጡ መረጃዎችም አሉ፤ የአገር መከላከያና ደኅንነት ምስጢር፣ የነጋዴ ምስጢር፣ የካቢኔ ሰነድ፣ በተለይም የሌላ ሰው የግል ጉዳይ። ስለዚህ ጎረቤት የጎረቤቱን ፋይል ልይ ቢል ይከለከላል፤ መከለከሉም ደግ ነው። ፋይላችን ለሁሉ ክፍት ቢሆን ማን በሰላም ያድር ነበር? ነገር ግን የግል ጉዳይ የተባለው ክልከላ ባለቤቱን ከገዛ ራሱ መረጃ አያግደውም፤ እሱ የፈቀደለትንም ሰው እንዲሁ። ክፋቱ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከሄደ ያው ጥበቃ እናቱንም እንደ ባዳ ይቆጥራቸዋል።

እንግዲህ ልጅ ሲሸኝ ድግሱ ብቻ አይበቃም። ከመሄዱ በፊት ቀበሌ ሄዶ መሄዱን ያስመዝግብ፤ መሸኛም ይጠይቅ። የልደት፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃውን በእጁ ሳለ ያውጣ። ለሚያምነው ሰው በሕግ ፊት ውክልና ይስጥ፤ ግልባጩም እቤት ይቀመጥ። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የቆመው የፋይዳ ቁጥር ከሰውየው ጋር ይሄዳል እንጂ የቀበሌውን መዝገብ አያስተካክልም። ውጭ አገር ልደት ወይም ሞት ቢያጋጥም በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይመዘገባል፤ ይህንንም ይወቅ።

የራሳችንንም መዝገብ አንርሳ። ከዕድሩ ሳይሰናበት የሄደ አባል ስሙ በዝርዝሩ ላይ ነው፣ ወርኃዊ መዋጮው ግን ቆሟል። ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ተከላው ላይ «አባል ነው፣ አይደለም» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ያን ጊዜ ሐዘንተኛው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ስለዚህ የሚሄድ አባል ለዕድሩ ጸሐፊ በጽሑፍ ያስታውቅ። መቀጠል ከፈለገም የሚከፍልለትን ሰው ስም ያስጽፍ።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አባቶቻችን ጸሐፊን የሸሹት ግብር ፈርተው ነበር፤ ከእነሱም በኋላ የመጡት ውትድርና ፈርተው። ዛሬ መሄዱን ያላስጻፈ ሰው የሚጎዳው እቤት የቀሩትን ነው። የሄዱትን በሰላም ያግባልን፤ ለሁላችንም ጤና ይስጥልን።