ከካርቶን የታነጸች ቤተልሔም

ለሕፃናት የቤተ ክርስቲያን ዝግጅት አዳራሽ ማስጌጥ ሲታሰብ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ካለ ያለቀለት ጌጥ ከገበያ ይገዛል፤ ከሌለ ካርቶንና ባለቀለም ወረቀት ይሰበሰባል። ከዚህ ልማድ በስተጀርባ ርካሽ ነገር የቸገረው ሰው መውጫ እንጂ ማንም ወዶ የሚመርጠው አይደለም የሚል እምነት አለ። በደቡብ ፖላንድ የምትገኘው የክራኮው ከተማ ታሪክ ግን ይህን እምነት አይቀበልም። በዚያች ከተማ ሾፕካ የሚባለው የልደት ጌጥ ከመቶ ዓመት በላይ ከካርቶን፣ ከስስ እንጨትና ከብልጭልጭ ወረቀት ሲሠራ ኖሯል። ቅርጹም የከብት በረት ሳይሆን የክራኮው ቤተ ክርስቲያኖችና ማማዎች ነው። ጌጡ ከተማዋን ሊመስል የቻለው ርካሽ ስለነበረ ነው እንጂ ርካሽ ቢሆንም አይደለም።

የጌታን ልደት በትዕይንት ማሳየት በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የተስፋፋው በ1223 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሲሲው ፍራንቸስኮስ በግሬቾ መንደር ካዘጋጀው የግርግም ትዕይንት በኋላ ነው። ልማዱን ወደ ፖላንድ ያደረሱት የእሱ ተከታዮች ናቸው። በ18ኛው መቶ ዘመን በትዕይንቱ ላይ የተጨመረው የአሻንጉሊት ጨዋታ ሳቅና ሁካታ እየበዛበት ሲሄድ ጳጳሳት ከቤተ ክርስቲያን አስወጡት፤ ጨዋታውም ጎዳና ወጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን የተረከቡት ደግሞ ክሮቮድዣንና ዝቬዢኔትስን በመሳሰሉ የክራኮው ዳርቻ ሰፈሮች የሚኖሩ ግንበኞችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በውርጭ ወራት የተቦካ ኖራ ስለማይጠነክር ግንባታ ይቆም፣ ገቢም ይቋረጥ ነበር። ትልቁን ሾፕካ ተሸክመው እየዘመሩና አሻንጉሊት እያጫወቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞሩ ነበር፤ ትንንሾቹን ደግሞ በዋናው አደባባይ ለልጆች ስጦታ ለሚፈልጉ ወላጆች ይሸጡ ነበር።

እንግዲህ ሥራ የፈታ ግንበኛ እብነ በረድም ወርቅም መግዛት አይችልም። ካርቶን ግን በመቀስ ይቆረጣል፣ በሙጫ ይጣበቃል፣ ቢበላሽም ኪሳራው ቀላል ነው። ስለዚህ የፈለገውን ያህል ፎቅ ይደርብበታል። የከተማዋ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሁለት ማማዎች ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ 81፣ ሌላው 69 ሜትር ነው። የሾፕካ ሠሪው ብዙ ጊዜ ረጅሙን ባለ አክሊል ማማ በግራም በቀኝም ይተክልና በመካከሉ የቫቬል ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ያለውን የዚግሙንት ጸሎት ቤት ወርቃማ ጉልላት ያስቀምጣል። ወርቁ የቸኮሌት መጠቅለያ ነው፤ የመስኮቱ መስታወትም ከኋላው መብራት የሚበራበት ስስ ባለቀለም ወረቀት ነው። ቅዱሱ ቤተሰብ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ባለው መድረክ ሄሮድስ፣ ሞትና ሰይጣን ይጫወታሉ። በክራኮው የብሔረሰብ ሙዚየም የሚገኘው የግንበኛው ሚሃው ኤዜኔኪየር ሾፕካ ለኋለኞቹ ሁሉ አርአያ የሆነው በዚሁ አሠራር ነው።

ይህ ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን ማዛባት ነው የሚል ይኖራል። ክርስቶስ የተወለደው በቤተልሔም ነው፤ ለልጆች ሌላ ከተማ ማሳየት ያሳስታቸዋል ይባላል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ቅዱሱን ታሪክ ወደ ራስ አገር ማምጣት የክራኮው ግንበኞች ብቻ ያደረጉት ነገር አይደለም። በላሊበላ ወንዙ ዮርዳኖስ፣ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱም አንዱ ጎልጎታ ይባላል፤ ይህን የሰማ ምእመን ኢየሩሳሌም የት እንዳለች ጠፍቶት አያውቅም። በምስልና በቦታ መካከል ያለውን ልዩነት ልጅም ቢሆን ይረዳል። በየቀኑ የሚያየውን ማማ ከግርግሙ በላይ ቆሞ ሲያገኘው ደግሞ ታሪኩ ለእሱም ሰፈር እንደተነገረ ይገባዋል።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ልማዱ እየደከመ ስለሄደ በ1937 በዬዢ ዶብዢትስኪ ጠንሳሽነት በባለቅኔው በሚትስኪየቪች ሐውልት ሥር ውድድር ተጀመረ። ናዚዎች በ1940 ሐውልቱን አፈረሱት፤ ውድድሩም በጦርነቱ ተቋርጦ ሐውልቱ ገና ሳይመለስ በ1945 እንደገና ቀጠለ። ዛሬ በየዓመቱ በዲሴምበር ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ይካሄዳል፤ ዩኔስኮም በ2018 ልማዱን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ለአንድ ሾፕካ ወራት የሚወስዱ፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ ምስሎች የሚገጥሙ ሠሪዎች አሉ። ታዲያ ርካሽነቱ የት አለ? ለሽልማት ሲባል ብልጭልጩ መብዛቱ፣ በየቤቱ ይዞር የነበረው የአሻንጉሊት ጨዋታም መዳከሙ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተወደደው ጊዜው ነው እንጂ ዕቃው አይደለም። ካርቶንና መጠቅለያ ዛሬም በማንም እጅ ይገባል፤ በውድድሩ ልጆች የራሳቸው ዘርፍ ሊኖራቸው የቻለውም በዚህ ነው። ዕቃው ውድ ቢሆን ኖሮ ልጅ ቆሞ ያያል እንጂ አይነካም ነበር።

ስለዚህ ከተማን ርእስ አድርጎ የሕፃናት ዝግጅት የሚያሰናዳ ሰው ከክራኮው የሚማረው ወጪ መቀነስን ብቻ አይደለም። ከገበያ የሚገዛ ጌጥ ማንኛውንም ከተማ ይመስላል፤ በመሆኑም የማንም አይሆንም። ካርቶን ግን የሠፈሩን ደወል ቤት፣ ድልድዩንና የገበያውን ጣሪያ ለመምሰል ይታዘዛል። ገንዘቡ ቢገኝም እንኳ መቀሱን ለልጆቹ መስጠት ይበልጣል፤ የሚኖሩባትን ከተማ አስተውለው የሚያዩት ሊሠሯት ሲነሡ ነውና።