ከአሥራት ቤት ወደ ግል ቤት፦ የእንግሊዝ ገጠር ሬክተሪ ሥነ ሕንፃ እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የቤት ዓይነት ነው። ቤተ መንግሥትም ካቴድራልም ያይደለ፣ በእንግሊዝ ገጠር ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚገኝ የካህን መኖሪያ ነው። እንግሊዞች «ሬክተሪ» ወይም «ቪካሬጅ» ይሉታል። ዛሬ ከጥንታዊዎቹ ሬክተሪዎች እጅግ ብዙዎቹ ወደ ግል ይዞታ ተዛውረው «የቀድሞው ሬክተሪ» እየተባሉ ይጠራሉ። የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ፣ በርና መስኮት የአንድን የገቢ ሥርዓት መነሣትና መውደቅ እንደ ሰነድ ይመሰክራሉ፤ ይህንኑ ላሳያችሁ እሻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስያሜውን እንመልከት። ሬክተር የሚባለው ካህን የእህሉንና የድርቆሹን፣ ማለትም ታላቁን አሥራት የሚሰበስብ ነበር፤ ቪካር ግን በአብዛኛው በትንሹ አሥራት ይወሰናል። በዚህም ላይ «ግሊብ» የሚባል፣ ለአጥቢያው ካህን መተዳደሪያ የተመደበ መሬት ነበር። ስለዚህ የቀድሞው ሬክተሪ መኖሪያ ብቻ አልነበረም፤ ጎተራ፣ የፈረስ ጋጣና የእርሻ ግቢ ያለው የገቢ መሰብሰቢያም ነበር። የሬክተሩ ቤት ብዙውን ጊዜ ከቪካሩ ቤት የሚተልቀው በዚሁ የገቢ ልዩነት ምክንያት ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእርሻ ምርትና ዋጋ ሲያድግ የካህኑ ገቢም አብሮ አደገ። ከመኳንንትና ከባለርስት ቤተሰብ የተወለዱ ካህናት እየበዙ ሲሄዱ ቤቱም መልኩን ለወጠ። በበርክሻየር ከፍታ ላይ በምትገኘው በፋርንቦሮ መንደር በ1749 ገደማ የተሠራው ሬክተሪ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጡብ የተገነባ፣ በዘመነ ጆርጅ ሥርዓት የተመጣጠነ ሕንፃ ነው። በዚህ ሥርዓት በሩ መካከል ላይ ይውላል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱት መስኮቶች በግራና በቀኝ እኩል ይደረደራሉ። እንዲህ ያለው ፊት ለተመልካች ያስተላልፍ የነበረው መልእክት ግልጽ ነው፦ በዚህ የሚኖረው ሰው ከባለርስቱ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀመጥ፣ የተማረ ጨዋ ነው።

ሁሉም አጥቢያ ግን እንዲህ አልታደለም። ብዙ ካህናት ከአንድ በላይ አጥቢያ ይዘው በየአጥቢያው አይኖሩም ነበር፤ ለዚህም ከሚያቀርቡት ምክንያት አንዱ ለመኖሪያ የሚሆን ቤት አለመኖሩ ነበር። በ1776 የወጣው የጊልበርት ሕግ ካህኑ የአጥቢያውን ገቢ አስይዞ ለቤት መሥሪያ እንዲበደር ፈቀደ። በ1838 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ከአንድ በላይ አጥቢያ መያዝን ገደበ፤ በአጥቢያ የመኖርንም ግዴታ አጠበቀ። የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሬክተሪ ግንባታ መስፋፋት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዚህ ዘመን ቅርጹም ተለወጠ። ዊልያም በተርፊልድና ጆርጅ ኤድመንድ ስትሪት የመሳሰሉ አርክቴክቶች የተመጣጠነውን ፊት ትተው፣ እያንዳንዱ ክፍል በውስጡ የሚፈጸመውን ተግባር በውጭ እንዲገልጽ አደረጉ። ጣሪያው ቁልቁለታማ፣ መስኮቱም እንደ ክፍሉ ጠባይ የተለያየ ሆነ። በተርፊልድ በ1840ዎቹ አጋማሽ በኮልፒት ሂት የሠራው ቪካሬጅ የዚህ አስተሳሰብ ቀደምት ማሳያ ነው። በእነዚህ ቤቶች የካህኑ የንባብ ክፍል ዘወትር ለመግቢያው ቅርብ ይደረግ ነበር። ጋብቻ ሊያስመዘግብ ወይም ችግሩን ሊያዋይ የመጣ ምእመን የቤተሰቡን ሳሎን ሳያቋርጥ ካህኑን ያገኛል። ቤቱ ግማሹ የቤተሰብ፣ ግማሹ የአጥቢያው ነበር። ፊሊፕ ዌብ በስትሪት ቢሮ ከሠራ በኋላ በ1859 ለዊልያም ሞሪስ የነደፈው «ሬድ ሃውስ» የእነዚህ ቪካሬጆች ውርስ ጎልቶ ይታይበታል። በዚህ ረገድ ትሑቱ የካህን ቤት የዘመናዊውን የእንግሊዝ መኖሪያ ቤት አቅጣጫ ካመለከቱት አንዱ ነው።

ውድቀቱ የመጣው ከዚያው ከገቢው በኩል ነበር። በ1836 አሥራት በእህል ዋጋ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ የገንዘብ ክፍያ ሆነ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከባሕር ማዶ የሚገባው ርካሽ እህል ዋጋውን ሲያወርደው የካህኑም ገቢ አብሮ ወረደ። ቤቱ ግን አልቀነሰም። ያለ አገልጋይ የማይያዙ በርካታ ክፍሎችና የሚያፈስ ጣሪያ በጥቂት ገቢ የሚኖረው ካህን ዕዳ ሆኑ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱ አጥቢያዎችን ስታዋሕድ ትልልቆቹን ቤቶች እየሸጠች፣ ለካህናቷ አነስተኛ ዘመናዊ ቤት መሥራትን መረጠች። ገጣሚው ጆን ቤቸማን ከ1945 እስከ 1951 ከቤተሰቡ ጋር የኖረው በዚያው በፋርንቦሮ ሬክተሪ ነበር። ካህኑ የወጣበትን ቤት ባለቅኔ ወረሰው ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ ሽያጭ ላይ እንዴት እንፍረድ? አንዱ ወገን የግል ባለቤቶች ሕንፃውን ከመፍረስ አድነውታል ይላል፤ እውነት ነው፤ አቅሟ የደከመ ቤተ ክርስቲያን ልትጠግነው ባልቻለች ነበር። ሌላው ወገን መንደሩ ማንም ሊያንኳኳው የሚችለውን በር አጥቷል ይላል፤ ይህም እውነት ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ ቀላል ፍርድ የለም። ጥበቃው ቅርጹን አትርፏል፤ ቅርጹን የወለደው ግንኙነት ግን በሕግ ሊመዘገብ የሚችል አልነበረም።

ከዚህ ለምርምራችሁ የምታተርፉት አንድ ነገር ይኖራል ብዬ አምናለሁ። በማናቸውም አገር ታሪካዊ ቤትን ስታጠኑ ማን ሠራው፣ በምን ስልት ሠራው ብላችሁ አታብቁ። በምን ገቢ ቆመ? በየትኛው በርስ ማን ይገባ ነበር? ብላችሁ ጨምራችሁ ጠይቁ። በሩ ዛሬም አለ፤ ይገባበት የነበረውን ሰው ፈልጎ ማግኘት የታሪክ ምሁሩ ድርሻ ነው።