የሰባት ልጆች ዘመን



ባለፈው ዓርብ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት እኅታችን እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ «እዚህ አንድ ጊዜ ኑ ይሉናል፣ አንድ ጊዜ ውጡ ይሉናል። አገራችንም አንዴ ሂዱ፣ አንዴ አትሂዱ ትለናለች። እኛ ምን አጥፍተን ነው?» ለጊዜው ሁላችንም ዝም አልን። የዛሬው ንግግር ለእርሷ መልስ ይሁንልኝ። ነገሩ የሚጀምረው እኛ ካጠፋነው ጥፋት አይደለም፤ እናቶቻችን ልጅ ይወልዱበት ከነበረው ዘመን ነው።

ከአገራችን ልጀምር። በ1976 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ የሕዝቡ ብዛት ወደ 42 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። በ1987 ዓ.ም.፣ ኤርትራ ከተለየች በኋላ እንኳ፣ ከ53 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ወደ 74 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። ብዙዎቻችሁ በዚያ ቆጠራ ጊዜ በእናታችሁ ጓዳ የምትላላኩ ልጆች ነበራችሁ።

በእናቶቻችን ዘመን አንዲት ሴት በአማካይ ሰባት ልጅ ትወልድ ነበር። ዛሬ ይህን ሰምቶ እናቱን የሚወቅስ አለ። አትውቀሱ። ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በእርጅና ይጦራል። ከተወለዱትም ውስጥ ስንቶቹ በኩፍኝና በተቅማጥ ይቀሩ እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። ብዙ መውለድ ለነገ ማሰብ ነበር። ክትባትና ጤና ጣቢያ እየተስፋፋ ሲሄድ ልጆቹ አደጉ። መሬቱ ግን አላደገም።

የ1967ቱ አዋጅ መሬትን ለአራሹ ሰጠ፤ የገበሬ ማኅበራትም ደለደሉት። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ተስፋው የአባቱን ማሳ መካፈል ሆነ። ሁለት ጥማድ መሬት ለሰባት ሲካፈል የአንዱ ድርሻ ከጎጆና ከጓሮ አያልፍም። ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ ያችም ብዙ ጊዜ አትደርሳትም።

መንግሥታትም ዝም ብለው አላዩም። ደርግ ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ የመረጠው ሰውን ከቦታው ማንሣት ነበር። ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በመተከል፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በጋምቤላ ሰፈረ። ወዶ የሄደ አለ፤ ተገዶ የተጫነም አለ። በማያውቀው ቆላ በወባ ያለቀው ብዙ ነው።

ሁለተኛው መልስ በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ከ7.7 ወደ 4 ልጅ እንዲወርድ አሰበ። ለዚህም እስከ 2007 ዓ.ም. ጊዜ ሰጠ። ሴቶች እንዲማሩና ኑሯቸው እንዲሻሻል ማድረግም ከዓላማዎቹ አንዱ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ። የሦስት ወር መርፌውንና በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ለገጠር ሴቶች ያደረሱት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የአገሪቱ አማካይ 4.6 ልጅ ሆነ። ግቡ በቀኑ አልተደረሰም፤ ለውጡ ግን ትልቅ ነው። በአማራ ክልል 3.7፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከሁለት በታች ወርዷል።

«ወሊድ ከቀነሰ ታዲያ ስደቱ ለምን በዛ?» ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ ሥራ የሚፈልገው ዛሬ የተወለደው ሕፃን አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተወለደው ነው። የወሊድ መቀነስ ለሥራ ፈላጊው ቁጥር የሚታወቀው አንድ ትውልድ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ የሰባት ልጆች ዘመን ልጆች አድገው እንጀራ ይፈልጋሉ። መሬት የላቸውም፤ ከተማውም ለሁሉም ሥራ የለውም። ሦስተኛውን መልስ ማንም በአዋጅ አላወጣውም። እናንተ በእግራችሁ፣ በባሕርና በአውሮፕላን አመጣችሁት።

አሁን ወዳለንበት አገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1974 በተደረገው ቆጠራ የሳዑዲ ዓረቢያ ነዋሪ በሙሉ 7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን 32 ሚሊዮን አልፏል፤ ከዚህ ውስጥ ከ13 ሚሊዮን በላይ የውጭ አገር ሰው ነው። ያን ጊዜ ከነበረው ሕዝብ ሁሉ የዛሬው እንግዳ ብቻ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። የነዳጅ ገንዘብ ሲመጣ መንገዱንና ሕንፃውን የሚሠራ እጅ አልነበረምና ከየአገሩ ተጠራ።

ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር ግን አለ። በዚያ ዘመን የሳዑዲ እናትም እንደ እናቶቻችን ሰባት ልጅ ትወልድ ነበር። ዛሬ ከሦስት በታች ነው፤ ቀድመው የተወለዱት ግን አደጉ። በዚያው በ2022ቱ ቆጠራ ከመቶ የሳዑዲ ዜጎች 63ቱ ዕድሜያቸው ከ30 በታች ነበር። እነርሱም ሥራ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ኒጣቃት የተባለው ሕግ ወጣ፤ የግል ድርጅቶች የአገሩን ልጆች በቁጥር እንዲቀጥሩ ግድ አለ። ከዚያ የምሕረት ጊዜ ተሰጠ፤ ጊዜውም ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእናንተ መካከል ያያችሁት አላችሁ። በሪያድ መንፉሃ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዑምራ መጥተው የቀሩ፣ በባሕር የገቡ፣ ከከፊላቸው ጠፍተው የሚሠሩ ወገኖቻችን ታፈሱ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ስለዚህ ለእኅታችን የምመልስላት ይህን ነው፦ በዚያ ዓመት የተጋጩት የሁለት አገር የሰባት ልጆች ትውልዶች ናቸው። አንዱ መሬት አጥቶ መጣ፤ ሌላው በገዛ አገሩ ሥራ ፈልጎ ቦታ አስለቀቀ።

አገራችንም በዚያው ጥቅምት ወር የሥራ ጉዞን አገደች። እገዳው እናንተን ለመጠበቅ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በሩ ሲዘጋ መንገዱ ወደ ኦቦክና ወደ ቦሳሶ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሰው ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን ተሻገረ፤ አብዛኛው የእኛ ሰው ነበር። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። በዚያው ዓመት የሳዑዲ ሴቶች መኪና እንዲነዱ ተፈቀደላቸው፤ ወደ ሥራ የሚወጡትም በጣም በዙ። ማዳም ወደ ቢሮ ስትሄድ ሕፃኑን የሚይዝ፣ አሮጊቷን የሚያጥብ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሥራ የአገሩ ወጣት አይሻማችሁም። ለወንዶቻችን የጠበበው በር ለእናንተ እንደገና የተከፈተው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ? በሩ የሚከፈተውና የሚዘጋው በእናንተ ዋጋ ልክ ሳይሆን በቁጥርና በፍላጎት ነው። ስለዚህ ሲከፈት አትዘናጉ፤ ሲዘጋም ራሳችሁን አትናቁ። ኢቃማችሁ የሚያልቅበትን ቀን እወቁ። የውላችሁን ፎቶ ለምታምኑት ሰው ላኩ። የላባችሁን ዋጋ በሙሉ በሐዋላ አትጨርሱ፤ በራሳችሁ ስም የተቀመጠ ይኑራችሁ። የመመለሻው ቀን ሳይነግራችሁ ሊመጣ ይችላልና።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከምትልኩት ገንዘብ የታናሽ እኅታችሁ ደብተርና የቤት ኪራይ ይከፈላል። የተማረች ልጅ ዘግይታ ታገባለች፤ የምትወልደውንም ልጅ በአቅሟና በፈቃዷ ትወልዳለች። ቢሮ ውስጥ የተጻፈው ፖሊሲ ሊያደርገው የፈለገውን እናንተ ከሰው ቤት ወለል ላይ ሆናችሁ ታደርጉታላችሁ። ይህ በማንኛውም ቆጠራ ላይ በስማችሁ አይጻፍም። እኛ ግን እናውቀዋለን።

ዓርብ በሰላም ያገናኘን።