ከሊቀ መኳስ ወደ እንደራሴ፦ በኮምፒውተር ላይ ተጠቃሚ የመቀየር ታሪክ

ላይነክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ በጽሑፍ ትዕዛዝ የሠራ ሰው ሁሉ ሁለት አጫጭር ትዕዛዞች ያውቃል፦ «ሱ» እና «ሱዱ»። ሁለቱም ከራሳችን አካውንት ሆነን በሌላ ተጠቃሚ ሥልጣን እንድንሠራ ያስችሉናል። ያ ሌላ ተጠቃሚ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉን ማድረግ የሚችለው «ሩት» ነው። ብዙዎቻችን የተማርናቸው እንደ ድግምት ነው፤ «ይሄን ጻፍ፣ ይሠራልሃል» ተብለን። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው የሚወለደው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ የሌላ ሰው ሥልጣን ስትይዝ የራስህ ስም የት ይገባል?

ታሪኩን ከከተማችን መጀመር ይቻላል። የእስራኤል የመጀመሪያው ኮምፒውተር ቫይዛክ የተሠራው በ1954 እና በ1955 (በአውሮፓ አቆጣጠር) እዚሁ ሬሖቮት፣ በቫይዝማን ኢንስቲትዩት ነው። ሐሳቡን ያመጣው ሐይም ፔከሪስ ሲሆን ግንባታውን የመራው መሐንዲሱ ጄራልድ ኤስትሪን ነበር። ፔከሪስ የውቅያኖሶችን ማዕበል ከፍታና ዝቅታ ያሰላበት ይህ ማሽን እስከ 1963 አገልግሏል። በቫይዛክ ላይ ግን «ተጠቃሚ መቀየር» የሚባል ነገር አልነበረም። ሥራው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ይገባል፣ ማሽኑ ያሰላል፣ ከዚያ ተራው የሌላ ይሆናል። ማን እንደሆንክ የሚያውቁት በክፍሉ ያሉት ሰዎች እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ነገሩ የተለወጠው ብዙ ሰዎች አንድን ማሽን በአንድ ጊዜ መጠቀም ሲጀምሩ ነው። በ1961 አሜሪካ፣ ኤም አይ ቲ ውስጥ የፈርናንዶ ኮርባቶ ቡድን እንዲህ ያለውን ሥርዓት አሳየ። አሁን እያንዳንዱ ሰው ስምና የይለፍ ቃል፣ በዕብራይስጡ ሲስማ፣ ያስፈልገው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1962፣ አለን ሸር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት ሰዓት ስላነሰው የሁሉንም ሲስማ የያዘውን ፋይል አሳትሞ በሌሎች ስም ገባ። ስም በተፈጠረ ማግስት በሰው ስም መሥራትም ተፈጠረ ማለት ነው።

በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ ዩኒክስን ጀመሩ። በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ውስጥ «ሱ» አለች። የሩትን ሲስማ የሚያውቅ ሰው «ሱ» ብሎ ሲስማውን ከጻፈ ሩት ይሆናል። ይህን የሚቻል ያደረገው የሪቺ ሐሳብ ነው፦ አንድ ፕሮግራም ልዩ ምልክት ከተደረገበት፣ ማንም ያስነሳው ማን፣ በባለቤቱ ሥልጣን ይሠራል። ለዚህም በ1979 የፈጠራ መብት ተሰጥቶበታል።

በእኛ ታሪክ ለ«ሱ» የሚቀርበው ሊቀ መኳስ ነው። ሊቀ መኳስ በጦርነት ቀን የንጉሡን ልብስ ለብሶ ጠላትን የሚያሳስት ባለሥልጣን ነበር። የአጼ ቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ የነበረው እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቤል በ1860 በውጊያ ላይ ሞቷል። ሩቅ ሆኖ ለሚያይ የሚታየው ልብሱ እንጂ ፊቱ አይደለም። «ሱ»ም እንዲሁ ነው። አምስት ሰዎች የሩትን ሲስማ ከተካፈሉና አንዱ ፋይል ቢያጠፋ፣ ፋይሉን ያጠፋው «ሩት» ነው። የትኛው ሰው? እሱን ፈልጉ።

ማሽኑ ግን ፈጽሞ አይረሳም። በተለመደው ዩኒክስ «ሱ» ካልክ በኋላ «እኔ ማነኝ?» የሚለውን የእንግሊዝኛ ጥያቄ አያይዘህ ብትጽፈው «ሩት» ይልሃል። ቃላቱን ለያይተህ ብትጽፋቸው ደግሞ መጀመሪያ የገባህበትን ስም ይነግርሃል። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ፣ ሁለቱም እውነት።

በ1980 ገደማ ቦብ ኮገሻልና ክሊፍ ስፔንሰር በኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በቡፋሎ «ሱዱ»ን ጻፉ። በ«ሱዱ» የሩትን ሲስማ ማወቅ አያስፈልግም፤ ዛሬ የምትጠየቀው የራስህን ነው። ማን ምን ማድረግ እንደተፈቀደለት በአንድ ፋይል ተዘርዝሯል። የተሰጠው ትዕዛዝም ከሰጪው ስምና ከሰዓቱ ጋር ይመዘገባል። ይሄ እንግዲህ ሊቀ መኳስ ሳይሆን እንደራሴ ነው። ራስ ተፈሪ ከ1916 ጀምሮ የንግሥት ዘውዲቱ እንደራሴ ሲሆኑ ዘውዲቱን አልመሰሉም፤ በተሰጣቸው ሥልጣን፣ በራስ ተፈሪነታቸው ሠሩ። በ2004 የወጣው ኡቡንቱም የሩትን አካውንት ቆልፎ «ሱዱ»ን ብቻ በመተው ይህንኑ መንገድ መረጠ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ባዳ አይደለም። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ወላጆቻችን ብዙዎቹ እዚህ ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። በመሥሪያ ቤት አንድ ስም፣ በቤትና በለቅሶ ሌላ ስም። ለብዙዎች ጥያቄው ሁለት ስም መያዙ አልነበረም፤ የለፉበት ሥራ በየትኛው እንደተጻፈ ነው እንጂ።

ስለዚህ ነገ ሥራ ስትጀምሩ አንድ አለቃ «ሁላችንም የምንገባበት ሲስማ ይሄውላችሁ» ቢላችሁ፣ በጨዋነት በራሳችሁ ስም «ሱዱ» እንዲፈቀድላችሁ ጠይቁ። ጥፋት ቢመጣ ያልሠራችሁት አይለጠፍባችሁም። ሌሊቱን ሙሉ ሰርቨር ስታስነሱ ካደራችሁ ደግሞ መዝገቡ ላይ የሚገኘው የእናንተ ስም ነው።