ትሬድሚሉን ማን ያቆመዋል?

የመሮጫ ማሽን ለቤቱ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ስክሪኑ ላይ ነው። ሻጩም ከዚያው ይጀምራል፦ ብሉቱዝ አለው፣ የልብ ምት ይለካል፣ ሙዚቃ ይከፍታል። ከዚያ የዋጋ ክርክር ይቀጥላል። ማሽኑ እንዴት እንደሚቆም የሚጠይቅ ገዢ ግን እምብዛም ነው። የዚህን ዕቃ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ላየ ሰው መቅደም የነበረበት ይህ ጥያቄ ነው፦ ፍጥነቱን የሚወስነው ማን ነው? የሚያቆመውስ?

ነገሩ የተጀመረው እስር ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 የወፍጮ ባለሙያ ልጅ የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ኩቢት፣ ሥራ ፈትተው ለሚውሉ እስረኞች የሚሆን መሣሪያ ነደፈ። ዙሪያውን ደረጃ የተገጠመለት ግዙፍ በርሜል መሰል መንኮራኩር ነው። እስረኞች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ከፊታቸው ያለውን አግዳሚ ጨብጠው፣ አቀበት እንደሚወጣ ሰው ይረግጡታል። አንዱ ደረጃ ከእግራቸው ሥር ሲወርድ ሌላው ይመጣል። ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ሲወጡ ይውላሉ፤ ግን የትም አይደርሱም።

እ.ኤ.አ. በ1821 ለንደን የሚገኘው የብሪክስተን እስር ቤት መሣሪያውን ተከለ፤ ሌሎች እስር ቤቶችም ተከተሉ። አንዳንዱ ቦታ እህል ይፈጭበታል፣ ውኃ ይሳብበታል። ትሬድሚል የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ ነው፤ በእግር የሚረገጥ ወፍጮ ማለት ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ምንም አይፈጭም ነበር፤ እስረኛው የሚለፋው ለመቀጣት ብቻ ነው።

ልብ ማለት የሚገባው አንድ ነገር አለ። ያ መሣሪያ ሞተር አልነበረውም። ሞተሩ የእስረኞቹ የራሳቸው ክብደት ነበር። ሆኖም አንዱ ደክሞት ልቁም ቢል የጎረቤቶቹ ክብደት መንኮራኩሩን ማዞሩን ይቀጥላል፤ ካልረገጠ ይወድቃል ወይም እግሩ ይጎዳል። ጭካኔው ያለው እዚህ ላይ ነው። በኒው ዮርክ መሣሪያው ሲተከል በቅርብ ያየው ጄምስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው መጽሐፍ እስረኛውን የሚያስፈራው የሥራው ክብደት ሳይሆን የማይለዋወጥ አሰልቺነቱ መሆኑን ጽፏል። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ እ.ኤ.አ. በ1895 ከባድ የጉልበት ሥራ የታከለበት የሁለት ዓመት እስራት ሲፈረድበት ይህ መሣሪያ ገና ሥራ ላይ ነበር። የቀረው እ.ኤ.አ. የ1898ቱን የእንግሊዝ የእስር ቤቶች ሕግ ተከትሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ስሙን ይዞ ወደ ሌላ ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ የልብ ሐኪሙ ሮበርት ብሩስ ከመሐንዲሱ ዌይን ኩዊንተን ጋር ሆነው በሞተር የሚሄድ የሕክምና ትሬድሚል ሠሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተኝቶ ሲመረመር ጤነኛ የሚመስል ልብ ሥራ ሲበዛበት ጉዳቱን ሊያሳይ ይችላል። ዛሬም ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት የብሩስ ምርመራ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና በ10 በመቶ አቀበት ይጀምራል፤ በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም አቀበቱም ይጨምራል። አሁንም ፍጥነቱን የሚወስነው የሚራመደው ሰው አይደለም። ልዩነቱ ሐኪሙ አጠገቡ ቆሞ የልቡን ምት እያየ መሆኑ፣ በሽተኛውም በቃኝ ማለት መቻሉ ነው።

ወደ መኖሪያ ቤት ያስገባው ዊልያም ስቶብ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የአየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ኤሮቢክስ ያሳተመውን መጽሐፍ አነበበ፤ ተራ ሰው በአቅሙ ገዝቶ ቤቱ የሚያኖረው የመሮጫ ማሽን እንደሌለ ተረዳ፤ ራሱ ሠራ። ፔስማስተር 600 ያለው ማሽን አንዱ መዘውር ሰዓት፣ ሌላው ፍጥነት ይቆጣጠር ነበር። ስክሪን የለ፣ ብሉቱዝ የለ። ግን ከኩቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘውሩ በተራው ሯጭ እጅ ገባ። ትልቁ ለውጥ ከሞተሩ ይልቅ ይህ ነው።

ወደ ኋላ የተመለስንበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ፔሎተን ትሬድ ፕላስ የተባለውን ውድ ማሽኑን ከአሜሪካ ገበያ ሰበሰበ፤ ወደ 125,000 የሚጠጋ። አንድ የ6 ዓመት ሕፃን ሞቷል፤ ሰው፣ የቤት እንስሳ ወይም ዕቃ ከማሽኑ የኋላ ጫፍ ሥር ስለ መሳቡ 72 ሪፖርቶች ቀርበዋል። ኩባንያው መጀመሪያ የመንግሥትን ማስጠንቀቂያ ተቃውሞ ነበር፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ያ ማሽን ስክሪን አላነሰውም፤ ግዙፍና የሚያምር ነበር።

እንግዲህ ገዢው ሱቅ ሲገባ ምን ይይ? አንደኛ ነገር ቀዩን የደህንነት ቁልፍ፣ ክሩ ልብስ ላይ የሚያያዘውን፣ እየተራመደ ይንቀለው። ቺንጋው ወዲያው ካልቆመ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ቁልፉ ተነቅሎ የሚደበቅ፣ ያለ እሱም ማሽኑ የማይነሳ መሆን አለበት። ከኋላ 2 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀመጥ ትሬድሚል የወደቀን ሰው በግድግዳና በሚሽከረከር ቺንጋ መካከል ያስቀምጣል። ስለ ሞተር ሲጠየቅ ሻጩ የሚጠራው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለአፍታ የሚደረስበት ከፍተኛ ጉልበት ነው። መጠየቅ ያለበት ሳያቋርጥ የሚሰጠው የፈረስ ጉልበት ነው፤ ለእርምጃ 2፣ ለሩጫ 3 ገደማ ይበቃል። ረጅም ሰው ሊሮጥበት ከሆነ የቺንጋው ርዝመት 150 ሴንቲ ሜትር ይጠጋ።

እኛ አገር ላይ መብራትም አለ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው በ120 ቮልት የሚሠራ ማሽን በቀጥታ 220 ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመሩም የሞተሩን ጉልበት የሚችል መሆን አለበት፤ ለሬዲዮ የተገዛው አይሆንም። እየተሮጠ መብራት ሲጠፋ ቺንጋው ከእግር ሥር ይያዛል፤ ሰውየው ወደፊት ይወረወራል። ይህን የማይፈልግ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ መካከሉ ጎድጎድ ያለውን ዓይነት ማየት ይችላል፤ ፍጥነቱን የሚሰጠው እግር ብቻ ነው፣ እግር ሲያቆም እሱም ይቆማል። ጥሩዎቹ ውድ ናቸው፣ ቶሎም ያደክማሉ።

የኤሌክትሪኩን የመረጠ ግን ገንዘብ ሳይከፍል አንድ ሙከራ ያድርግ። ማሽኑን ማንም ሳይቆምበት በቀስታ ያስነሳ፣ ሶኬቱን ይንቀል፣ ከዚያ መልሶ ይሰካው። ሰው ሳያዘው በራሱ የሚነሳ ከሆነ እዚያው ይተወው።